25ቱ እያለ 26ቱ ለምን? ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ጌም የቀረበ ጥያቄና የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ‹ኮሌጅ ፉትቦል 25› የተባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ጌም ሲጫወት ከርሞ አሁን ደግሞ 26ቱ ካልተገዛልኝ እያለ ነው። ሁለቱንም አሳይቶኛል፤ ለእኔ ግን ያው ሜዳ፣ ያው ኳስ፣ ያው ጩኸት ነው። 70 ዶላር የሚያወጣ አዲስ ነገር በእርግጥ አለው? ወይስ ቁጥሩን እየቀየሩ ነው የሚሸጡልን?»

ምላሽ፦

ልጅዎ ጌሙን ሲከፍት መጀመሪያ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚገባ ይጠይቁት፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። «ዳይናስቲ» የሚለውን የሚከፍት ከሆነ፣ ማለትም የአንድ ኮሌጅ አሠልጣኝ ሆኖ ተማሪ እየመለመለ ቡድኑን ለዓመታት የሚመራ ከሆነ፣ 26ቱ እውነተኛ ለውጥ አለውና ገንዘቡ አይቆጭዎትም። ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት ጨዋታ ተጋጥሞ የሚዘጋ ከሆነ ግን 25ቱ ይበቃዋል። ዋጋው እስኪወርድ ቢጠብቅ የሚቀርበት ነገር የለም።

«ያው ሜዳ፣ ያው ኳስ» ማለትዎ ስህተት አይደለም። ሜዳው ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ከሜዳው ጀርባ ያለው ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ በልጁ ትከሻ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ብዙም አይታይም። እኔ የስፖርት ጌሞችን መፈተሽና መገምገም ሥራዬ ስለሆነ የማየው ከዚያኛው በኩል ነው።

አዲሶቹ ነገሮች ለምን እንደገቡ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ የኮሌጅ ፉትቦል ጌም በየዓመቱ ያወጣ ነበር። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣና ነገሩ ተቋረጠ። ምክንያቱ የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ኤድ ኦባነን የተባለ የዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጌም ውስጥ ራሱን አየ። ስሙ አልተጻፈም፤ ነገር ግን መለያ ቁጥሩ የእርሱ፣ ኳስ የሚወረውርበት ግራ እጅም የእርሱ ነበር። ማንም አላስፈቀደውም፤ ሳንቲምም አልተከፈለውም። በ2009 የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረውን ኤንሲኤኤን ከሰሰ። በዚያው ዓመት ሳም ኬለር የተባለ የቀድሞ የአሪዞና ስቴትና የነብራስካ ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረው፣ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ስለ ፉትቦሉ ጌም ተመሳሳይ ክስ አቀረበ። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በ2014 ለእነ ኦባነን ፈረዱ። ጌሙን የሚሠራው ኩባንያና የኮሌጆችን የንግድ ፈቃድ የሚያስተዳድረው ድርጅት በድርድር 40 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤንሲኤኤ ደግሞ 20 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾች ለመክፈል ተስማሙ። ጌሙ ግን ሞተ።

የተነሣው በ2021 ተማሪዎች በስማቸው፣ በምስላቸውና በገጽታቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ከተፈቀደ በኋላ ነው። ሐምሌ 2024 ላይ 25ቱ ወጣ፤ በጌሙ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ የሰጠ እያንዳንዱ ተጫዋች 600 ዶላርና አንድ ቅጂ ጌም አገኘ። ከ10,000 በላይ ተማሪዎች ፈቅደዋል። ልጅዎ የሚጫወትባቸው ስሞች በሙሉ ባለቤቶቻቸው የፈረሙባቸው ናቸው። ይህን ሁልጊዜ በአድናቆት ነው የማስበው፤ ከአሥር ዓመት በፊት በቁጥር ብቻ ተጠርተው ሲሸጡ የነበሩ ልጆች ነበሩና።

25ቱ እንግዲህ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የተመለሰ ጌም ነበር። 134 ቡድኖችን ከነስታዲየሞቻቸው፣ ከነማርሽ ባንዶቻቸውና ከነመዝሙሮቻቸው እንደገና መሥራት ነበረባቸው። ጊዜው አልበቃም፤ ብዙ ነገር ተዘለለ። ከተዘለሉት ሁሉ ጎልቶ የሚታየው አሠልጣኙ ነው። የ25ቱን ጌም ከፍተው ኦሃዮ ስቴትን ቢመርጡ፣ ከሜዳው ዳር የቆመው ሰው እውነተኛው አሠልጣኝ ራያን ዴይ አይደለም። የፈጠራ ስምና ፊት ያለው ሰው ነው። በኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቹ በሦስት በአራት ዓመት ተመርቆ ይሄዳል፤ የሚቀረው አሠልጣኙ ነው። ደጋፊው የሚያመሰግነውም የሚረግመውም እሱን ነው። ያለ አሠልጣኝ የተሠራ የኮሌጅ ጌም ጎዶሎ ነበር።

26ቱ ይህን ጉድለት ሞልቷል። ከ300 በላይ እውነተኛ ዋና አሠልጣኞችና የማጥቃትና የመከላከል አስተባባሪዎች ገብተዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ለሻምፒዮናው የተገናኙት ራያን ዴይና የኖትር ዳሙ ማርከስ ፍሪማን አሉ፤ የኦሪገኑ ዳን ላኒንግም አለ። ሁሉም አልፈቀዱም፤ ወደ ሰሜን ካሮላይና የሄደው ታዋቂው ቢል ቤሊቺክ ለምሳሌ የለም። ዋናው ነገር ግን ፊታቸው መምሰሉ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ የአጨዋወት ስልትና የራሱ ጠባይ አለው፤ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ይባረራል፣ ይቀጠራል፣ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ይሄዳል። ልጅዎ ሜሪላንድን ለአራት ዓመት ገንብቶ የማጥቃት አስተባባሪውን አንድ ትልቅ ኮሌጅ ሲወስድበት ቤት ውስጥ ጩኸት ቢሰሙ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ይበልጥ ልዘርዝርልዎ የምፈልገው ግን ምልመላውን ነው፤ 70 ዶላሩ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጅዎ የሜሪላንድ አሠልጣኝ ነው እንበል። በዳይናስቲ ውስጥ ቢበዛ 35 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በዝርዝሩ ይይዛል፤ በየሳምንቱ የሚያከፋፍለው የተወሰነ የምልመላ ሰዓት ይሰጠዋል። ለአንድ ተማሪ መልእክት ለመላክ 10 ሰዓት፣ ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ለማነጋገር 25፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አንድ ልጅ ላይ ለማፍሰስ ደግሞ 50 ሰዓት ይወጣል። ሰዓቱ ሁሌም አይበቃም፤ የጌሙ ውበትም ይህ ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ በ14 ነገሮች ይመዘናል፦ ለቤት ቅርበት፣ የመሰለፍ ዕድል፣ የትምህርት ጥራት፣ የስታዲየም ድባብ፣ የአሠልጣኙ መረጋጋትና የመሳሰሉት። ውጤቱ እንደ ትምህርት ቤት ካርድ በፊደል ይሰጣል። እያንዳንዱ ተማሪ ደግሞ ከእነዚህ መካከል «ይህ ካልተሟላ አልመጣም» የሚለው አንድ ነገር አለው።

አሁን አንድ ባለ አራት ኮከብ (ከአምስት ኮከብ አራቱን ያገኘ) ተከላካይ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያገኛል። የልጁ ቅድመ ሁኔታ ለቤት ቅርበት ከሆነ ሜሪላንድ ቀድሞ አሸንፏል ማለት ይቻላል፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ኮሌጅ ፓርክ ከልጁ ቤት ቅርብ ናት፣ አላባማና ኦሪገን ምንም ቢያቀርቡ ይህን ሊለውጡት አይችሉም። የልጁ ቅድመ ሁኔታ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ወደ ትልቁ የፉትቦል የሙያ ሊግ፣ የመግባት ዕድል ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ25ቱ ጌም ይህ ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ «ሲ» በቂዬ ነው ብሎ ቢፈርም የሚጠይቀው በዚያው ይቆይ ነበር። በ26ቱ አይቆይም። እያደገና እየጎበዘ ሲሄድ የሚጠብቀውም አብሮት ያድጋል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ሲሆን «ሲ» የነበረው ፍላጎቱ ወደ «ኤ» ይጠጋል። በዚህ መሐል ሜሪላንድ ለኤንኤፍኤል ብዙ ተጫዋች ካላበቃ፣ ልጁ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ስሙን ዝውውር ፖርታል ውስጥ፣ ማለትም ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት ዝርዝር ውስጥ፣ ያስገባል። ለሦስት ዓመት የደከሙበት ልጅ ለተቀናቃኝ ሊጫወት ይሄዳል ማለት ነው።

ትናንሽ ኮሌጆች በእውነተኛው ዓለም የሚደርስባቸው ይኸው ነው፤ እነሱ ያሳድጋሉ፣ ትላልቆቹ ይወስዳሉ። ስለዚህ በ26ቱ የሚያሸንፈው ልጅ ኮከብ ብቻ የሚያሳድድ አይደለም። ይህ ልጅ ዛሬ ምን ይፈልጋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላስ ምን ይፈልጋል ብሎ የሚያሰላ ነው። ልጅዎ ከማስታወሻ ደብተር ጋር ተቀምጦ ቢያገኙት አይገረሙ፤ ደህና ዳይናስቲ ተጫዋቾች እንደዚያ ያደርጋሉ።

ከዚሁ ጋር አንድ ትልቅ ጉድለት መናገር አለብኝ፤ ገንዘብ የለም። ልብ ይበሉ፣ የዚህ ጌም ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የገንዘብ ታሪክ ነው። 26ቱ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 2025፣ ያው ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን ስምምነት አጸደቁ። የ2025–26 የክፍያ ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ አንድ ጥሩ ኳርተርባክ ኮሌጅ ሲመርጥ ይህ በጠረጴዛው ላይ አለ። በጌሙ ግን «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አያጋጥምዎትም። ወደዚያ የሚቀርበው ኮሌጁ ለተጫዋቹ ስም የሚሰጠውን ዕውቅና የሚመዝነው ፊደል ብቻ ነው። ሠሪዎቹ የእያንዳንዱን ኮሌጅ በጀት በይፋ መመዘን ችግር እንደሚያመጣባቸው ይገባኛል። ሆኖም የምልመላ ጌም ሠርቶ የምልመላውን ዋና ጉዳይ መተው ትልቅ ክፍተት ነው። ቀጣዮቹን እትሞች የምመዝነውም መጀመሪያ በዚህ ነው።

ወደ ሜዳው ስንመለስ፣ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ኮምፒውተሩ መማር መጀመሩን ነው። በ25ቱ አንድ የሚሠራ የማጥቂያ ስልት ያገኘ ልጅ ያንኑ እየደጋገመ ማሸነፍ ይችል ነበር። በ26ቱ ያው ኳስ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ያው ቦታ ሲወረወር ተከላካዩ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ ልማድዎን እያየ አቋሙን ይለውጣል። የተከላካይ መስመሩንም ተጫዋቹ ራሱ በዝርዝር ማስተካከል ይችላል። ከ2,800 በላይ አዳዲስ የጨዋታ ንድፎች መግባታቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ብዛታቸው በራሱ ለማስታወቂያ ይጠቅማል፣ ተቃራኒው የሚማር ሲሆን ግን በእርግጥ ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው የተጫዋች ቅያሪ ነው። ጌሙ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚቀበለውን ምት ይቆጥራል፤ ይህ ከ25ቱ ጀምሮ ያለ ነው። በእግሩ ደጋግሞ የተመታ ሯጭ ሦስተኛው ሩብ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ድሮ እሱን ለማሳረፍ ጨዋታ አቁሞ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን የሚቀጥለውን ጨዋታ ሲመርጡ እዚያው መቀየር ይቻላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የጨዋታውን ፍሰት ግን በጣም አስተካክላለች።

ስታዲየሙንም ላንሣ። ሜሪላንድ ፔን ስቴትን ለመግጠም ወደ ቢቨር ስታዲየም ሲሄድ፣ ከ106,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ይገባል። አሥር ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡዎት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው ላይ ደርሰው ስምንት ያርድ ሲቀርዎት ጩኸቱ ያድግና ምስሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ተጫዋቾቹ የሚሮጡበትን መንገድ የሚያሳየው መስመር ይጣመማል፤ በተለይ ኳርተርባኩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሆነ የትኛው ልጅ ወዴት እንደሚሮጥ መለየት ያቅታል። ይህ በ25ቱም ነበር፤ በ26ቱ ከጨዋታው ግለት ጋር ከፍና ዝቅ እንዲል ተደርጎ ተጠናክሯል። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅዎ ቴሌቪዥኑ ሲንቀጠቀጥ ካዩ የተበላሸ ነገር የለም።

የቀሩትን ፈጠን ብዬ ልለፍ። አንድ ተጫዋች ይዘው ሕይወቱን የሚከተሉበት ክፍል በ26ቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ይጀምራል፤ እዚያ ያሳዩት ብቃት የትኞቹ ኮሌጆች እንደሚፈልጉዎት ይወስናል። በ25ቱ በቀጥታ ኮሌጅ ነበር የሚጀመረው፤ ስለዚህ ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ዋንጫዎች ገብተዋል፦ ሚኒሶታና ዊስኮንሲን የሚታገሉለት መጥረቢያ ሳይቀር በዳይናስቲ ተሸልሞ ይቀመጣል። ቡድኖች ወደ ሜዳ ሲገቡ የሚሰማው ሙዚቃም ተሟልቷል። ቨርጂኒያ ቴክ የሚገባበት፣ ስታዲየሙን በሙሉ የሚያስዘልለው የሮክ ዘፈን በ25ቱ አልነበረም፤ አሁን አለ። ቨርጂኒያ ቴክ ባለበት ብላክስበርግ የተማረ ዘመድ ካለዎት ይህን ንገሩት፤ ለእሱ ከሌላው ሁሉ ይበልጥበታል። የቡድኖቹም ቁጥር ዴላዌርና ሚዙሪ ስቴት ተጨምረው 136 ደርሷል።

ስም ዝርዝሩ በእርግጥ ተለውጧል። በ25ቱ ሽፋን ላይ ያለው ትራቪስ ሀንተር ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የ2024 የሃይዝማን ሽልማት ወስዶ፣ በ2025 የኤንኤፍኤል የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሁለተኛነት ተመርጦ ወደ ጃክሰንቪል ቡድን ሄዷል። በልጅዎ ጌም ውስጥ ግን አሁንም የኮሎራዶ ተማሪ ነው። የ26ቱ ሽፋን የኦሃዮ ስቴቱ ጄረማያ ስሚዝና የአላባማው ራያን ዊሊያምስ ናቸው። ስም ለመቀየር ብቻ 70 ዶላር መክፈል ግን አይመከርም።

አሁን ወላጅ ሆነው ሊያውቁት ወደሚገባዎት ነገር ልምጣ። ጌሙ በአሜሪካ ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ነው፤ ደምም ስድብም የለበትም። ሥጋት ካለ ያለው በገንዘብ በኩል ነው። «አልቲሜት ቲም» የሚባለው ክፍል የተጫዋች ካርዶች በእሽግ የሚሸጡበት ነው፤ እሽጉ ውስጥ ማን እንዳለ ከመግዛትዎ በፊት አያውቁም። አንድ ልጅ የሚፈልገውን ኮከብ እስኪያገኝ ድረስ ደጋግሞ ሊገዛ ይችላል፤ እንዲገዛም ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን ክፍል ለ14 ዓመት ልጅ ፈጽሞ አልመክርም። 26ቱ ደግሞ የከፋ ልማድ ጀምሯል፦ በዳይናስቲ ውስጥ ተጫውቶ የሚያድገውን የአሠልጣኝ ችሎታ በገንዘብ መግዛት እንዲቻል አድርጓል። ተጫዋቾች ጌሙ እንደወጣ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ተገቢ ነበር። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ለገዛ ሰው መሸጫ ሱቅ የማይገባበት አንድ ክፍል ሊተውለት ይገባል። ደግነቱ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ በመጫወት ብቻ ሁሉም ይገኛል።

ስለዚህ ጌሙን ከመስጠትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ፕሌይስቴሽን ከሆነ የልጁን መለያ በቤተሰብ አስተዳደር ውስጥ ገብተው የወር ወጪ ገደቡን ዜሮ ያድርጉት። ኤክስቦክስ ከሆነ እያንዳንዱ ግዢ የእርስዎን ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስተካክሉ። የባንክ ካርድዎ በማሽኑ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ያጥፉት። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከገንዘቡ መውጣት በኋላ ከመከራከር በእጅጉ ይሻላል።

ልጅዎ ሳይነግርዎ የሚቀር አንድ ነገርም አለ። በ25ቱ የገነባው ዳይናስቲ ወደ 26ቱ አይሻገርም። ሜሪላንድን ለአሥር ዓመት መርቶ ሦስት ዋንጫ ቢያነሣ እንኳ በአዲሱ ጌም ከዜሮ ይጀምራል። በሌላ በኩል፣ የ25ና የ26 ባለቤቶች እርስ በርስ መጋጠም አይችሉም። በኢንተርኔት ዳይናስቲ እስከ 32 ሰው በአንድ ሊግ ውስጥ ይጫወታል፤ የአክስቱ ልጆችና የክፍል ጓደኞቹ ወደ 26ቱ ከተሻገሩ እሱ ብቻውን ቀርቷል ማለት ነው። «ካልተገዛልኝ» የሚለው ምናልባት በዚህ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁት። እንደዚያ ከሆነ ስለ አዲሶቹ ነገሮች እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለእሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ ይግዙለት።

መጠበቅ ከመረጡ፣ የኩባንያው የስፖርት ጌሞች ከወጡ ከወራት በኋላ ኢኤ ፕሌይ በሚባለው የወር ክፍያ አገልግሎት ውስጥ የመግባት ልማድ አላቸው፤ 25ቱም እንዲሁ ገብቷል። በትንሽ የወር ክፍያ ለሳምንታት ሞክሮ እንዲወስን ማድረግ ይችላሉ።

የ25ቱን ዲስክ አዲስ አበባ ላለ የዘመድ ልጅ ለመላክ ካሰቡ ደግሞ መጀመሪያ ማሽኑን ያጣሩ። ሁለቱም ጌሞች የሚሠሩት በፕሌይስቴሽን 5ና በኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ ላይ ብቻ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 አይከፍታቸውም። 26ቱንም ሲገዙ፣ ማሽንዎ የዲስክ ማስገቢያ ካለው ከኢንተርኔት ከማውረድ ይልቅ ዲስኩን ይምረጡ፤ ልጅዎ ሲሰለቸው መልሰው መሸጥ የሚችሉት እሱን ብቻ ነው።